እነሱ ሲጣሉ የኛ ሱቅ ለምን ይናጋል? አንድ የባሕር ዳር ክር

መነሻ ጽሑፍ

በኢንተርኔት መድረካችን ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተችው ገበያው አጠገብ ሸቀጣ ሸቀጥ የምትሸጥ አባላችን ናት። ጥያቄዋ ንዴት አለበት። ሩሲያና ዩክሬን ሲዋጉ ዘይት ተወደደ። ይሁን። አሜሪካና ቻይና ቀረጥ ሲጣጣሉስ እኛ ምን አገባን? ማዶ አንድ ባንክ ሲከስር ባሕር ዳር መደርደሪያ ላይ ያለ ሩዝ ምን ነክቶት ነው? አቋሟንም አልደበቀችም። ለሷ የዓለም ቀውስ የሚባለው የአስመጪ ሰበብ ነው። ሲወደድ በማግስቱ ይደርሳል፣ ሲረክስ መንገድ ላይ ይቀራል። አይደለም የሚል ካለ በቁጥር ያስረዳኝ ብላ ዘጋች።

ሰዉ እንደ ጉድ ጻፈ። እኔ የመድረኩ አወያይ ነኝና የተባለውን በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። ስድቡን አውጥቻለሁ። ዓመቶቹ፣ ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ምላሽ 1

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነው። እህቴ እያለ በትሕትና ጀመረ። የተነሳውም ሱቋ ውስጥ ካለው ነገር፣ ከዘይት ነው። ዩክሬን ከጦርነቱ በፊት በሱፍ አበባ ዘይት ላኪነት ከዓለም አንደኛ ነበረች። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ጦርነቱ ሲጀመር የጥቁር ባሕር ወደቦቿ ተዘጉ። የሱፍ ዘይት ያጣ ገዢ ሁሉ ወደ ፓልም ዞረ። ፓልም በብዛት ከምትልክ አገር ከኢንዶኔዥያ። እዚያም ዋጋው በገዛ ሕዝቧ ላይ ናረ። መንግሥቷ በኤፕሪል 28 ወደ ውጭ መላክን ከለከለ፣ በሜይ 23 ደግሞ ፈቀደ። እኛ አገር ከውጭ የሚገባው ዘይት አብዛኛው ፓልም ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ጥፊ ያረፈብን ጦርነት ውስጥ ከሌለ አገር ነው።

ስንዴውንም ጨመረ። ሁለቱ ተዋጊዎች በዓለም ከሚሸጠው ስንዴ ከሩብ በላይ ይልኩ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት የሚያወጣው የምግብ ዋጋ መለኪያ በማርች 2022 እስከዚያ ያልታየ ከፍታ ላይ ወጣ።

እንዲህ ጥርት ያለ መልስ መድረኩ ላይ ዘወትር አይገኝም።

ምላሽ 2፣ 3 እና 4

አንዱ አመስግኖ ሄደ። ሌላው ተማሪውን የመጽሐፍ ልጅ ነህ በሚል ዓይነት ጎሸም አደረገው። በዚያ ሰሞን መጋዘን ሙሉ ጀሪካን ተሸሽጎ በዓይኑ አይቷል። ያንን የሸሸገው ኢንዶኔዥያዊ አልነበረም። ተማሪው አልተቆጣም። ሰው ዕቃ የሚያከማቸው ነገ ይወደዳል ብሎ ሲያምን ነው፤ የዓለም ገበያው ካልተናጋ የሸሸገውም ይከስራል አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ምላሽ 5

ጡረታ የወጡ የባንክ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ተማሪው ያለው ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ነው አሉ። የኢኮኖሚ ጠብና የገንዘብ ቀውስ ለየቅል ናቸው። ጠብ ዕቃውን ከገበያ ያሸሻል። ማዕቀብ፣ እገዳ፣ የተዘጋ ወደብ። ያን ጊዜ ዋጋ ይወጣል። ለዚህ 1973ን ጠሩ። በኦክቶበር የዐረብ አገሮች ነዳጅ ከለከሉ። 3 ዶላር ገደማ የነበረው በርሜል በጥቂት ወራት 12 ዶላር አካባቢ ደረሰ። እኛም ዘንድ ቤንዚን ተጨመረ። በኛ አቆጣጠር የካቲት 1966 የአዲስ አበባ ታክሲዎች አድማ መቱ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ለማስረዳት አልደከሙም።

የገንዘብ ቀውስ ግን የሚያሸሸው ገዢውን ነው። በጁላይ 2008 አንድ በርሜል ነዳጅ 147 ዶላር ደርሶ ነበር። ሴፕቴምበር 15 ሌህማን ብራዘርስ የሚባለው የአሜሪካ ባንክ ኪሳራውን አወጀ። በዲሴምበር በርሜሉ ከ40 ዶላር በታች ወረደ። የደረቀ ጉድጓድ የለም። የተዘጋ ወደብም የለም። ታዲያ ምን ሆነ?

እዚህ ላይ ጋሼ የኖሩበትን ሥራ አመጡ። ኤልሲ። የገዢው ባንክ ለሻጩ ዕቃውን ጫን፣ ገንዘቡን እኔ እከፍልሃለሁ ብሎ የሚሰጠው ዋስትና ነው። ባንክ ባንክን ማመን ሲያቆም ኤልሲ አይከፈትም። ቢከፈትም ማዶ ያለው ባንክ አይቀበለውም። ኤልሲ ከሌለ ሻጩ አይጭንም። እህልና ማዕድን የሚጭኑ መርከቦች ኪራይ የሚለካበት የባልቲክ ኢንዴክስ በሜይ 2008 ላይ 11,793 ነበር። በዲሴምበር መጀመሪያ 663 ሆነ። ዕቃው አለ፣ መርከቡ አለ፣ መሃል ላይ ያለው እምነት ግን ተነነ። እናም ቀውስ ሁሉ ያስወድዳል የሚለው የሱቋ ባለቤት አቋም አይሠራም ሲሉ ደመደሙ።

ምላሽ 6

ባለሱቋ ጋሼን በአክብሮት አመስግና ያዘቻቸው። 2008 የረከሰበት ዓመት ከሆነ እዚህ ምግብ የተወደደው ለምንድነው? ሕዝቡ የሚያስታውሰው ውድነቱን እንጂ ርካሹን አይደለም።

ምላሽ 7

መልሱ ከወረታ መጣ። ሰውየው የፎገራን ሩዝ ይነግዳል። 2008 ሁለት ፊት አለው አለ። የመጀመሪያው አጋማሽ የምግብ ቀውስ፣ የኋለኛው የባንክ ቀውስ። እሱ የሚያውቀው የፊተኛውን ነው።

ታሪኩን እንዲህ አስኬደው። በ2007 መጨረሻ የታይላንድ ሩዝ በቶን 400 ዶላር አይሞላም ነበር። በ2008 ኤፕሪልና ሜይ 1,000 ዶላር ገደማ ደረሰ። በዚያ ዓመት የዓለም የሩዝ ምርት ደህና ነበር። የተበላሸው የሻጭና የገዢ አገሮች ጠባይ ነው። ሕንድ በኦክቶበር 2007 ለሕዝቤ ይበቃ ብላ ተራ ሩዝ መላክን ከለከለች። ቬትናም ተከተለች። ፊሊፒንስ ደንግጣ በተጠየቀችው ዋጋ ሁሉ ገዛች። ሌላውም በረንዳው ላይ ሩዝ መከመር ያዘ። በኋላ ጃፓን መጋዘኗ ውስጥ ያለውን ከውጭ የገዛችውን ሩዝ ልሸጥ እችላለሁ ስትል ወሬው ብቻ ዋጋውን አወረደው።

ምክንያቱንም ያውቃል። በዓለም ከሚመረተው ሩዝ ድንበር የሚሻገረው አንድ አሥረኛ ያህል ነው። የቀረው የተመረተበት አገር ይበላል። ገበያው ጠባብ ስለሆነ አንድ ትልቅ ሻጭ በሩን ሲዘጋ ሁሉም ይታፈናል። በጁላይ 2023 ሕንድ ነጭ ሩዝ ላይ ያንኑ ደገመችው። ከዓለም የሩዝ ንግድ አርባ በመቶ ያህሉ በሷ እጅ ነው። እስከ ሴፕቴምበር 2024 ቆየች።

የራሱን ገጠመኝም ጨመረ። ውድ በሆነበት ሰሞን ወረታን በስም እንኳ የማያውቁ ነጋዴዎች አይሱዙ ይዘው መጡ። ሩዙ ሳይታጨድ ዋጋ ተቆረጠ። እሱም እንደ ሰዉ ገዝቶ አከማቸ። የውጭው ሩዝ ሲረክስ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦበት ቀረ። በዚህ መድረክ ዋጋ ሲወርድ የተጎዳ ነጋዴ ሲናገር የሰማነው ያኔ ብቻ ነው። ክሩም ከዚህ በኋላ ትንሽ ለስለስ አለ።

ከዚህ ላይ ሐሳቤን ልጣል። ከጦርነቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ከጦርነቱ በኋላ የሚመጣው የበር መዝጋት ነው። ተዋጊዎቹ ሁለት ናቸው፤ በር የሚዘጉት ግን ብዙ ናቸው፣ ሁሉም ደግሞ ለሕዝባቸው ብለው ነው የሚዘጉት።

ምላሽ 8 እስከ 11

እዚህ ክሩ ስለ እንጀራ ሆነ። ሩዝ የተቀላቀለበት ጤፍ እንጀራ ይደርቃል፣ አይደርቅም። የወረታ ሴት መጋገር አታውቅም ያለው ሰው በሦስት እህቶች ተከብቦ ጠፋ። እልፍ እንበል።

ምላሽ 12

ከዘጌ የጻፈ ነው። ቡናና ጌሾ ያለው ቤተሰብ ልጅ። ወሬው ሁሉ ስለምንገዛው ነው፣ የምንሸጠውስ ብሎ ጀመረ። አባቱ ዘወትር የሚያነሱትን 1989ን አስታወሰ። እስከዚያ ዓመት ቡና ላኪና ገዢ አገሮች በዓለም አቀፍ ስምምነት ኮታ ነበራቸው። ዋጋውን የሚደግፈው ያ ነበር። በጁላይ 1989 ስለ ኮታው መስማማት አቅቷቸው አፈረሱት። በጥቂት ወራት የቡና ዋጋ በግማሽ ያህል ወደቀ። በ2001 በኒውዮርክ የቡና ገበያ ዋጋው በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። ቡናቸውን ነቅለው ጫት የተከሉ ሰዎች ያኔ ነው የበዙት አለ። የተጣሉት ሌሎች፣ የተነቀለው የኛ ዛፍ።

ከዚያ ወደ ቅርቡ መጣ። ትራምፕ በብራዚል ላይ 50 በመቶ ቀረጥ ጣለ፣ ቡና በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ፣ የዘጌ ገበሬ ግን ምን አገኘ ብሎ ጠየቀ።

ምላሽ 13

አንዱ ቆፍጠን ብሎ አረመው። በፌብሩዋሪ 2025 አረቢካ የሚባለው የቡና ዓይነት 4 ዶላርን ሲሻገር ያ ቀረጥ ገና አልተወለደም። ያኔ ያስወደደው ብራዚል ላይ የነበረው ድርቅና የተመናመነው ክምችት ነው። ቀረጡ በኦገስት 2025 ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ በፊት ወርዶ የነበረውን ዋጋ እንደገና አንሮታል፣ ይህ እውነት ነው። አሜሪካ ከምትጠጣው ቡና ሲሶ ያህሉ ከብራዚል ስለሚመጣ ቡና ቆልተው የሚሸጡ ኩባንያዎች ሌላ ምንጭ ፍለጋ ሮጡ። በኖቬምበር ግን አሜሪካውያን ራሳቸው በውድነቱ ስላማረሩ ቀረጡ ከቡና ላይ ተነሳ። ሁሉን በአንድ ሰው ላይ መለጠፍ ይቅር ብሎ ጨረሰ። ቃሉ ጠንከር ያለ ነበር፣ ግን ቅደም ተከተሉ ልክ ነው። የዘጌው ልጅ የመለሰው በአንድ መስመር ነው። እሱ የጠየቀው ስለ ትራምፕ ሳይሆን ስለ አባቱ ኪስ ነበር። ለዚያ ጥያቄ እስካሁን መልስ የሰጠው የለም።

ምላሽ 14

አንዱ ከሁሉ የተዘለለውን የአሜሪካና ቻይና ጥያቄ አነሳ። መልሱ አኩሪ አተር ውስጥ ነው አለ። በጁላይ 2018 ቻይና በአሜሪካ አኩሪ አተር ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣለች። በአሜሪካው የቺካጎ የእህል ገበያ ዋጋው ወደ አሥር ዓመት ዝቅተኛው ወረደ። የብራዚሉ ደግሞ ተወደደ፣ ቻይና ሁሉን ከዚያ ልግዛ ስላለች። አንድ ዓይነት ፍሬ፣ ሁለት ዋጋ። አሜሪካ ለገበሬዎቿ ድጎማ ማፍሰስ ግድ ሆነባት። ስለዚህ የቀረጥ ጠብ ዕቃውን ከዓለም አያጠፋውም፣ መንገዱን ያጣምመዋል። ተጠቃሚው ሦስተኛው ሻጭ ነው። ያ ሦስተኛ እኛ ለመሆን ግን የሚሸጥ ነገር ሊኖረን ይገባል።

ምላሽ 15

ባለሱቋ ተመለሰች። የአኩሪ አተሩ ነገር ገብቷታል። ግን ጋሼም፣ የወረታው ሰውም፣ ይሄኛውም ዋጋ ይወርዳል ብለዋል። እሷ ዘንድ ያልወረደው ለምንድነው?

ምላሽ 16

ጋሼ በረጅሙ ጻፉ። የዓለም ሸቀጥ በዶላር ነው የሚሸጠው። ቀውስ ሲመጣ ደግሞ ገንዘብ ያለው ሁሉ ዶላር ውስጥ ይደበቃል። ስለዚህ ዶላሩ ራሱ ይወደዳል። በ2022 ሴፕቴምበር ዶላር በሃያ ዓመት ያልታየ ከፍታ ላይ ነበር፤ ዩሮ እንኳ ከአንድ ዶላር በታች ወርዶ ነበር። የቺካጎ ስንዴ በዚያው ዓመት ኦገስት አካባቢ ከጦርነቱ በፊት ወደነበረበት ዋጋ ተመልሷል። ግን ገንዘቡ የደከመ አገር ያንን መመለስ አላየውም።

ወደ ብር ዞሩ። ጁላይ 29 ቀን 2024 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ከዚያ እንዲሁ ለምሳሌ ያህል ሒሳብ ሠሩ። በቶን 1,000 ዶላር የሆነ ዕቃ በ57 ሲመታ 57,000 ብር ነው። ያው ዕቃ ረክሶ 700 ዶላር ገባ እንበል። በ100 ሲመታ 70,000 ብር። ማዶ በሠላሳ በመቶ ወርዷል፣ እዚህ ግን ጨምሯል። የጅቡቲ ኪራይና ትርፍ ገና አልተነካም።

ባለሱቋ በቁጥር ያለችው ይኸው ነበር።

ምላሽ 17 እና 18

እዚህ ላይ ነገር ከረረ። አንዱ ጋሼን አንተ ብሎ ጀመረ። ባንኮች ዶላሩን ለዘመድ እያደሉ ነጋዴውን ጥቁር ገበያ የላኩት እነሱ አይደሉም ወይ አለ። ከዚያ ወደ ግል ነገር ገባ፤ ያንን አጥፍቼዋለሁ። መድረካችን ላይ ሽማግሌ አይሰደብም።

ጋሼ ከሁላችንም ይልቅ ቀዝቀዝ ብለው መለሱ። የዶላር ወረፋ ነበር፣ አይክዱም። አስመጪው በባንክ ዋጋ ቢያስመጣም በጥቁር ገበያው ዋጋ እያሰበ ይሸጥ ነበር፣ ቀጣዩን ዕቃ በምን እንደሚያመጣ ስለማያውቅ። ስለዚህ ባለሱቋ ሰበብ ነው ያለችው ነገር ውስጥ እውነት አለ። አገሪቱ ራሷ በዲሴምበር 2023 ከውጭ በቦንድ ለተበደረችው ገንዘብ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል መቅረቷን አስታወሱ። መንግሥት ዶላር ባጣበት ዓመት ዘይት አስመጪው ከየት ያምጣ?

ምላሽ 19

ከመራዊ፣ የቆጋ መስኖ ተጠቃሚ ገበሬ ልጅ ነው። ከሁሉ የምወደው ምላሽ የሱ ነው። እናንተ ስለ ዘይትና ዶላር ታወራላችሁ፣ ጠቡ እኛ ማሳ ላይ የሚደርሰው በዩሪያ በኩል ነው አለ።

ዩሪያ የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ስለዚህ ጋዝ ሲወደድ ማዳበሪያ ይወደዳል። በ2021 የአውሮፓ ጋዝ መናር ሲጀምር አንዳንድ ፋብሪካዎች ምርት ቀነሱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቻይና የራሷን ማዳበሪያ ወደ ውጭ እንዳይወጣ አጠበቀች። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ሩሲያ ደግሞ ከዓለም ዋና ማዳበሪያ ላኪዎች አንዷ ናት። በኤፕሪል 2022 አንድ ቶን ዩሪያ ከ900 ዶላር በላይ ነበር። ኤፕሪል እኛ ዘንድ ገበሬው ለክረምት ማዳበሪያ የሚጠብቅበት ጊዜ ነው። ከዚህ የከፋ ወቅት የለም።

ከዚያ ዶላሩን ትቶ በራሱ ሚዛን ለካው። ለሱ የማዳበሪያ ዋጋ ማለት አንድ ኩንታል ዩሪያ ስንት ኩንታል በቆሎ ይፈጃል ማለት ነው። በደህና ዓመት ይህ ቁጥር ይቻላል። በክፉ ዓመት ገበሬው ለሁለት ጥማድ የሚበቃውን ለሦስት ይበትነዋል፣ ወይም በቆሎውን ትቶ ማዳበሪያ የማይፈልግ ነገር ይዘራል። የዚያ ውጤት ደግሞ በዚያው ወር አይታይም። ኅዳር ላይ ማሳው ይመሰክራል፣ በሚቀጥለው ክረምት ሸማቹ ይሰማዋል። ያን ጊዜ ስንዴና ነዳጅ ማዶ ረክሰው ይሆናል፤ ከተማው ውስጥ ያለው ሰው ታዲያ በቆሎ ምን ነካው ይላል። ሲረክስ ለምን አይደርስም ለሚለው ጥያቄ የሱ መልስ ይህ ነው። የአምናው ውድነት ገና ተከፍሎ አላለቀም።

ይህንን ከተማሪው ወይም ከጋሼ አልሰማነውም።

ምላሽ 20 እና 21

አንድ የባጃጅ ሹፌር በቀልድ ገባ። በ2020 ነዳጅ ከዜሮ በታች ወረደ ሲባል ሰምቷል። ታዲያ እሱ ቤንዚን በሃይላንድ ሲገዛ ለምን ገንዘብ አልተሰጠውም? ሰዉ ሳቀ። ተማሪው ግን ቁም ነገር አድርጎ መለሰ። ኤፕሪል 20 ቀን 2020 የአሜሪካው ድፍድፍ በበርሜል 37 ዶላር ከ63 ሳንቲም ከዜሮ በታች ተዘግቷል። ያ በቀጣዩ ወር ነዳጅ ለመረከብ የተገባ፣ ሊያልቅ አንድ ቀን የቀረው የውል ወረቀት ዋጋ ነው። ውሉን የያዘ ሰው ዕቃውን ኦክላሆማ ውስጥ ኩሺንግ ላይ መረከብ ነበረበት። በኮሮና ምክንያት ገዢ የለም፣ ማጠራቀሚያው ደግሞ ሞልቷል። ስለዚህ ውሰዱልኝ ብሎ ከፈለ። ሹፌሩ ጀሪካን ይዤ እሄድ ነበር አለ።

ምላሽ 22 እና 23

ወርቅ ልግዛ ወይ ብሎ የጠየቀ አለ። በኦክቶበር 2025 አንድ አውንስ ከ4,000 ዶላር በላይ መውጣቱን አይቶ ነው። ክሩ የኢንቨስትመንት ምክር እንዳይሆን ቆርጬዋለሁ። ሌላ ጡረተኛ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካን አነሱ። በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራ፣ በ1961 ሥራ የጀመረ ፋብሪካ። እሳቸው ሸማኔ ክፍል ነበሩ። በማርች 2011 የዓለም የጥጥ ዋጋ በፓውንድ ከ2 ዶላር በላይ ሲደርስ ፋብሪካዎች ጥጥ ይሻሙ እንደነበር ጻፉ። ከዚያ የሽፍት ትዝታ ሆነ። ያነበበው ሁሉ ወደደው፣ ለጥያቄው ግን የጨመረው የለም።

ምላሽ 24

የመራዊው ልጅ ተመልሶ ጠየቀ። በኦገስት 2025 የናይጄሪያው ዳንጎቴ ኩባንያና የመንግሥቱ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ጎዴ ላይ የ2.5 ቢሊዮን ዶላር የዩሪያ ፋብሪካ ለመሥራት ተስማምተዋል። የታሰበው በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ነው፣ ከሶማሌ ክልል ጋዝ። ጋዙ የኛ ከሆነ የአውሮፓ ጠብ አይነካንም ማለት ነው?

ምላሽ 25

የመለሰለት በጅቡቲ መንገድ የሚሠራ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ዩሪያው ቢሠራም ፎስፌት ያለበት ማዳበሪያ ከውጭ መምጣቱ አይቀርም። ሁለተኛ፣ በኖቬምበር 2023 የየመን ሁቲዎች ቀይ ባሕር ላይ መርከብ መምታት ሲጀምሩ ትልልቆቹ የመርከብ ኩባንያዎች በደቡብ አፍሪካ ዞሩ፣ ኪራዩም ጨመረ። ያንን ጎዴ ያስቀርልናል። የየብሱን ግን አያስቀርም። እሱ እስካሁን ከጅቡቲ በሚሌ፣ በወልዲያ፣ በወረታ አድርጎ ነው የሚመጣው። ከጎዴ እስከ መራዊ በኩንታል ስንት ያስከፍላል? ነዳጁ፣ ኬላው፣ ባዶ መመለሱ ተደምሮ። ዋጋውን የሚያውቅ የጎዴ መስመር ሹፌር ካለ ይጻፍልን ብሏል። እስካሁን የጻፈ የለም፤ ክሩ ክፍት ነው።